ካራና ካራ ሠሪው፤ ከአባት ወደ ልጅ ስለ ወረደው የብረት ሙያ

(በገራዶ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ሕንፃውን ያቆመው፥ ሥዕሉን የሣለው፥ ደወሉን የሰጠው ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ መጠራቱም የተገባ ነው። ነገር ግን ለበዓሉ በግ ሲታረድ፥ ሽንኩርት ሲከተፍ፥ ድፎው ሲቆረስ በየቤቱ እጅ የገባውን ካራ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይገኝም። እህሉም ቢሆን ማዕድ የደረሰው በማረሻ ታርሶ በማጭድ ታጭዶ ነው፤ ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራው እጅ ካራውን የሚሠራው ያው እጅ ነው። እንግዲህ የዛሬው ነገር ስለዚህ እጅና ብረት መቀጥቀጥን ከአያቱ ተቀብሎ ለልጅ ልጁ ስለሚያስተላልፈው ቤት ይሆናል።

አስቀድሞ አንድ ጨዋታ። ገራዶና ጎራዴ በድምፅ ይቀራረባሉ፤ የቅኔ ተማሪ ቢሰማቸው ወዲያው ኅብር ሊያበጅባቸው ይቸኩላል። የድምፅ መቀራረብ ግን የስም ምክንያት አይሆንምና ማንም ከዚህ ተነሥቶ ገራዶ የጎራዴ አገር ነበረ ብሎ እንዳይጽፍ። ገራዶ ከደሴ በስተ ምዕራብ ያለ የእርሻና የመስኖ አገር ነው፤ ለእንዲህ ያለው አገር ከጎራዴ ይልቅ ማረሻና ማጭድ ይስማማዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተዛዝብ ሌላ ቃል አለ። ብረት ሠሪውን ሕዝቡ ጠይብ ይለዋል። ይህ ቃል ጠቢብ ከሚለው የወጣ ነው፤ ጠቢብም ጥበብን የያዘ፥ አስተዋይ፥ ብልሃተኛ ማለት ነው። ሰሎሞን ጠቢብ ሲባል ምስጋና ነው፤ ቀጥቃጩ ጠይብ ሲባል ስድብ ሆነ። አንዲት በ ወደ የ ብትለወጥ ክብሩ ሁሉ ከቃሉ ላይ ረገፈ። ቃሉን የለወጠው ምላስ እንደ ሆነ፥ ምላስን የለወጠው ምን እንደ ሆነ መመርመር የተማረ ሰው ፈንታ ነበረ፤ የተማረውም ሰው አልመረመረውም።

የተማረውን ሰው እዚህ ላይ መጥራት ያለ ምክንያት አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ከናስና ከብረት ዕቃ የሚቀጠቅጠው ቱባልቃይን በስሙ ተጽፏል፤ ብዙ ነገሥታት ስማቸው ሳይጻፍ በቀረበት መጽሐፍ ቀጥቃጩ ስም አገኘ። ይህስ ይቅር። የቅኔ ቤት ራሱ ሰምና ወርቅ የሚለውን ስያሜ ከወዴት አመጣው? አንጥረኛው ጌጡን ወይም መስቀሉን አስቀድሞ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ሰሙ የነበረበትን መልክ ወርቁ ይዞት ይገኛል። ባለቅኔውም የላይኛውን ቃል ሰም፥ የውስጡን ምሥጢር ወርቅ ብሎ ጠራ። በዋድላም ሆነ በሌላው ጉባኤ ቤት ተማሪው ሌሊት የሚቆጥረው፥ መምህሩም የሚያርመው ቅኔ ስሙን የተቀበለው ከእሳት አጠገብ ከተቀመጠ፥ ፊቱ በከሰል ከጠቆረ የእጅ ሠራተኛ ነው። ተማሪው ስሙን ወሰደ፤ ባለሙያውን ግን በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን አዞረ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የቀጥቃጭ ቤት ሥራ የሚጀምረው በልጁ ነው፤ በወናፉ ማለት ነው። ወናፍ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ነፋስ መንፊያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሆኖ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይጫናል፥ ነፋሱም በሸክላ አፍ አልፎ ከከሰሉ ሥር ይገባል። ልጁ ከሁለቱ መካከል ተቀምጦ በግራና በቀኝ እጁ ያፈራርቃል። ሥራው ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋሱ ቢቋረጥ እሳቱ ይወድቃል፥ ቢበዛም ከሰሉ ያልቃል ብረቱም ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ብረት ደግሞ እንደ ገለባ ይፈረፍራል እንጂ ተመልሶ ብረት አይሆንም። ስለዚህ ልጁ ገና መዶሻ ሳይዝ የእሳትን ጠባይ ይማራል። ካደገ በኋላ ትልቁን መዶሻ ይዞ አባቱ በትንሹ መዶሻ ባመለከተው ስፍራ ይመታል፤ አባት አንድ ጊዜ ያንኳኳል፥ ልጅ ይከተላል፤ ከሩቅ ሲሰማ የጥሪና የመልስ ዜማ ይመስላል። ጉጠቱን ለመያዝና ብረቱን በመስፉ ላይ ለማገላበጥ የሚፈቀድለት ግን ከሁሉ በኋላ ነው፤ መዶሻ ጉልበት ነው፥ ጉጠት ፍርድ ነውና።

ካራ ሲሠራ ከማጭድ ይልቅ ይከብዳል። ማጭድ ትንሽ ቢወላገድ ሣሩን ያጭዳል፤ ካራ ቢወላገድ እጅ ይቆርጣል። ቀጥቃጩ ብረቱን አቅልቶ ይቆርጠዋል፥ ያሳሳዋል፥ በአንድ ወገን ወፍራም ደንደስ ትቶ በሌላው ወገን ስለቱን ያወጣል፤ እጀታው ውስጥ የሚገባውንም ጭራ አቅጥኖ ይስበዋል። ከዚያም በሞረድ ያስተካክለዋል። እስከዚህ ያለውን ማናቸውም ትጉህ ሰው በጥቂት ዓመታት ሊማረው ይችላል። ቤቱን ከቤት የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ይኸውም ውሃ ማጠጣቱ። ብረቱ እንደ ገና ቀልቶ በድንገት ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንዲሁ ከቀረ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ጥቂት ተመልሶ ይሞቃል፤ በተወለወለው ስለት ላይም አስቀድሞ የገለባ ቢጫ፥ ከዚያ ቡናማ፥ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም እየተራመደ ይመጣል። ካራው በየትኛው ቀለም ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ዓይን ብቻ ነው። የቀጥቃጭ ጎጆ የሚጨልመው ስለ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ ከገባ የብረቱ ቀለም ያታልላልና ነው። ከውጭ የሚያልፈው ሰው ግን ጨለማውንና በጨለማው ውስጥ የሚበራውን እሳት አይቶ ሌላ ነገር ያስባል።

ይህን የቀለም ፍርድ አባት ለልጁ በቃል ሊነግረው አይችልም፤ ቢነግረውም ቃሉ አይበቃም። ዓመት ከዓመት አጠገቡ ተቀምጦ ማየት ያሻል። ሙያው በቤተሰብ ውስጥ የቀረበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮም የሚያኮራ ነበረ። በቤቱ የሴቲቱም ድርሻ ትንሽ አይደለም፤ በብዙ የአገራችን ክፍል የቀጥቃጭ ሚስት ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባል ብረቱን፥ ሚስት ምጣዱንና እንስራውን ያቀርባሉ። እንግዲህ የገበሬው ቤት እህሉን ከሚያበቅልበት እስከሚያበስልበት ዕቃ ድረስ የአንድ ቤተሰብ እጅ አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን አያኮራም። በሰሜኑ አገር መሬት በርስት ሲያዝ በነበረበት ዘመን የእጅ ሠራተኛው በብዙ ስፍራ ርስት አልነበረውም፤ የሚኖረው በሌላ ሰው መሬት ጥግ ነበረ። ዋጋውንም ብዙ ጊዜ በመከር በእህል ይቀበል ነበር፤ ስለዚህ መከር ሲከፋ የእርሱ ዋጋ ከሁሉ አስቀድሞ ይቀራል። ከዚህም በላይ ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል፥ በዓይኑ ይበላል ይባል ነበር፤ ዛሬም በስውር የሚሉት አልጠፉም። ሴት ልጁን የሚያገባ፥ ለወንድ ልጁም የሚድርለት ከወገኑ በቀር አልነበረም። እንግዲህ የቀጥቃጭ ልጅ ቀጥቃጭ የሆነው አባቱ ስላስተማረው ብቻ አይደለም፤ ሌላ በር ሁሉ ስለ ተዘጋበትም ነው። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሙያ ብሎ ማመስገን ቀላል ነው፤ ውርሱ ግን ግማሹ ጥበብ ግማሹ አጥር እንደ ነበረ የማይናገር ምስጋና እውነት የጎደለው ነው።

በወሎ ምድር የሚብሰው ይህ ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ተዋልደው ይኖራሉ፤ ሥጋቸውን ግን ለየብቻ ያርዳሉ። የሁለቱም ካራ የሚወጣው ከአንድ ዓይነት እሳት፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ቀጥቃጭ እጅ ነው። በሥጋ የማይገናኙት ሁለቱ ወገኖች በካራው ይገናኛሉ፤ ካራውን የሠራውን በመሸሽም ይገናኛሉ። ስንት ነገር በለያያቸው ስፍራ አንድ ያደረጋቸው ይህ መሆኑ ያሳዝናል።

የቤተ ክህነቱም ሰው ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። ብራና ሲዘጋጅ ቆዳው ተወጥሮ በስለት ይፋቃል፤ የመቃው ብዕር በካራ ይቀረጻል፤ ጫፉ ሲደነዝዝ እንደ ገና ይቀረጻል። መዝሙረ ዳዊቱም፥ ስንክሳሩም፥ ድጓውም የተጻፈው ቀጥቃጩ በሠራው ስለት ነው። አንዳንዱ ደብተራ ደግሞ በዚያው ስለት ብራናውን ፍቆ፥ በዚያው ስለት ብዕሩን ቀርጾ፥ ከቡዳና ከጠይብ ዓይን ይጠብቃል የተባለ ክታብ ጽፎ በገንዘብ ሸጠ። ሌላው ሕዝብ ባለማወቅ ቢስት ይቅርታ አለው፤ ይህ ግን የሚበላበትን እጅ መንከስ ነው።

ነገሥታቱ ይህን ሳያዩ አልቀሩም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ሠራተኞችን ከአገሬው ሠራተኞች ጋራ አሰባስበው መድፍ አስፈሰሱ። ሴባስቶፖል የተባለው፥ ከ60 ኩንታል በላይ የሚመዝነው መድፍ በገደልና በሸለቆ ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ፤ እስከ ዛሬም በዚያው አምባ ላይ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሥራን ከብዙ መኳንንት ይልቅ አክብረው ነበር፤ ክብሩ ግን ለመድፉ ነበረና ማረሻና ካራ የሚሠራው የመንደር ቀጥቃጭ በነበረበት ቀረ።

ለዚህ ለመንደሩ ቀጥቃጭ የተናገሩት አፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሁሉ ገሠጹ፤ የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑን፥ በአውሮፓ ብልሃተኛ ሲሰደብ ሳይሆን ሲመሰገን እንደሚታይ፥ ስድቡ ከበዛ ግን አገሪቱ ማረሻ የሚሠራላት አጥታ ጠፍ እንደምትሆን አስታወቁ፤ ሠራተኛውን መስደብም ንጉሡን እንደ መስደብ እንዲቈጠር አዘዙ። ከዚህ የበለጠ ምን ሊባል ይችላል? ይሁን እንጂ አዋጅ አፍን እንጂ ጋብቻን አያዝዝም፤ ገበሬው ስድቡን ወደ ሹክሹክታ ለወጠው፥ ልጁንም አልዳረለትም።

አዋጁ ስለ አውሮፓ ያለው ነገር እውነት መሆኑን በካራ ሠሪዎቹ መመልከት ይቻላል። በጀርመን አገር ዞሊንገን በምትባል ከተማ ጎራዴና ካራ መሥራት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። በዚያም ባለሙያዎቹ በማኅበር ታስረው ምሥጢራቸውን ለልጆቻቸው እንጂ ለባዕድ አይገልጡም ነበር፤ አጥር በእነርሱም ዘንድ ነበረ ማለት ነው። ልዩነቱ አጥሩን የሠሩት እነርሱ ራሳቸው መሆናቸው፥ የሠሩትም ክብራቸውንና ገበያቸውን ለመጠበቅ መሆኑ ነው። በ1723 ዓ.ም.፥ በእነርሱ አቆጣጠር በ1731፥ ፔተር ሄንክልስ የሚባል ካራ ሠሪ የመንትዮችን ሥዕል የሥራው ምልክት አድርጎ በከተማይቱ የካራ ሠሪዎች ማኅበር አስመዘገበ። ያ ምልክት ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ኖሮ ዛሬም በካራ ላይ ተቀርጾ በዓለም ይሸጣል። በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ደግሞ የካራ ሠሪዎቹ ማኅበር በእነርሱ አቆጣጠር በ1624 በሕግ ቆሟል። ከአውሮፓ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸው የመጡ ጎራዴዎችም በኢትዮጵያ መኳንንት ወገብ ላይ ተንጠለጠሉ፤ የውጭውን ቀጥቃጭ ሥራ በወርቅ ሰገባ የታጠቀ መኰንን የአገሩን ቀጥቃጭ ከደጁ አያስቀርብም ነበር።

አሁን ስለ ብረቱ ጥቂት እንበል። በጥንት ዘመን በኢትዮጵያ ብረት ከአፈሩ እየቀለጠ ይወጣ ነበር፤ ኋላ ከባሕር ማዶ የተዘጋጀ ብረት መግባት ሲጀምር ማቅለጡ በብዙ ስፍራ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ማንም ያላሰበው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያም ከተማይቱን ያዙ። ጠላት የጭነት መኪናውን በብዛት አስገባ፤ መንገዱንም አበጀ፤ ከተባረረ በኋላም መኪናው በዚያው መንገድ ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ መመላለሱን አላቆመም። መኪና ሲያረጅ ከአካሉ ሁሉ ለቀጥቃጩ የሚበልጥበት ከሥሩ ተደራርቦ ሸክሙን የሚሸከመው ብረት ነው፤ ባሌስትራ ይባላል፤ ቃሉ ራሱ ጣልያንኛ ነው። ይህ ብረት ውሃ ሲጠጣ የሚጠነክር፥ ጭነት ሲጫንበት የሚለምጥ እንጂ የማይሰበር ስለ ሆነ ለካራ የተፈጠረ ይመስላል። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፋቸውን ማረሻ ለማድረግ ይቀጠቅጣሉ ብሎ የተናገረውን በየመንደሩ ቀጥቃጮች ማንም ሳያዝዛቸው ፈጸሙት። አንድ ነገር ብቻ መታከል አለበት፤ አያቱ የለመደው ለስላሳ ብረት ነበረና ባሌስትራ ሲመጣ የቀለሙ ፍርድ ተለወጠ፤ አባት ለልጁ ያስተማረውን እንደ ገና ከልጁ ጋራ መማር ነበረበት። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሙያ ሲባል ሳይለወጥ የወረደ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፥ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኀብ እዚህ መተረክ አያስፈልግም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለቀጥቃጩ ቤት የነበረው ትርጕም ግን ብዙ ጊዜ አልተነገረም። እህል በጠፋበት ዓመት ማረሻ የሚያስቀጠቅጥ የለም፤ በእህል የሚከፈለው ሰው መጀመሪያ ይራባል። በሁለቱ ረኀብ መካከል፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ፥ ርስት ያልነበረው የእጅ ሠራተኛ ከገበሬው እኩል መሬት የሚጠይቅበት መንገድ ተከፈተለት። ስለዚያ ዘመን መንግሥት ሌላ ብዙ የሚባል አለ፤ ለቀጥቃጩ ግን የገዛ መሬቱ ላይ የቆመ ምድጃ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ዛሬ አጥሩ ፈርሷል ማለት ይቻላል፤ በፈረሰበት ጊዜ ግን በውስጡ የነበረው ጥበብ ሊወጣ ነው። የማይዝገው ብረት በሸፊልድ በ1913 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሃሪ ብሪርሊ በተባለ ሰው ተገኘ፤ አሁን ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ ተጭኖ፥ የፕላስቲክ እጀታ ተደርጎለት በየገበያው ይሸጣል። ቀላል ነው፥ ያበራል፥ ዋጋውም አይከብድም። የቤት እመቤት ብትገዛው አይፈረድባትም። የቀጥቃጩም ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የብየዳ ሥራ ተምሮ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ በርና መስኮት የሚሠራ አለ፤ ጨርሶ ብረት የማይነካም አለ። የመሄድ መብቱን አያቱ ያላገኘው ነውና ማንም ተመለስ ሊለው አይገባም። የቀሩት አዛውንት ካራ ከመሥራት ይልቅ የደነዘዘ ማጭድ ሲስሉና የተበላ ማረሻ ሲያስረዝሙ ይውላሉ።

የካራው ታሪክ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በዞሊንገን እንደ ሆነው ምልክቱ በመዝገብ አልገባም። ነገር ግን መዝገቡ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ካራ ሠሪ የሌላውን ሥራ ሲያይ በደንደሱ ውፍረት፥ ጭራው ከስለቱ በሚለይበት በአንገቱ አወራረድ ያውቀዋል፤ የአባቱንማ ሥራ በእጁ መዝኖ ይለየዋል። በየቤቱ ጓዳ፥ በቆጡ ላይ፥ እጀታው ወልቆ የተጣለ፥ ስለቱ ተስሎ ተስሎ እንደ ወርኃ ጨረቃ የጐበጠ አሮጌ ካራ ይኖራል፤ በዕቃ ቤቱም ብራና የተፋቀበት ስለት ቢፈለግ ይገኝ ይሆናል። እነዚህን ሰብስቦ በሕይወት ላሉት አዛውንት ቀጥቃጮች ማሳየት፥ የማን እጅ እንደ ሆነም ከሚናገሩት እየሰሙ መጻፍ የአንድ ወር ሥራ ነው። ደብሩ ዓመቱን ሲቈጥር በሚዘጋጀው መዝገብ የሰጪው ስም የሚጻፍበት ዐምድ አለ፤ ከጎኑ የሠሪው ስም የሚጻፍበት ሌላ ዐምድ ለማስመር ቀለምና ወረቀት ብቻ ይበቃል። አዛውንቱ ግን በየዓመቱ እያነሡ ነው።